የንጹህ ዘር ፍየል ዋጋ ጆሮዋ ላይ ነው ወይስ መዝገቧ ላይ?

ባለፈው ሰሞን ለቤተሰብ ጉዳይ አርሲ፣ ጀጁ ወረዳ፣ አርቦዬ ከተማ ደርሼ ተመለስኩ። አክስቴ እዚያ አነስተኛ ሱቅ አላት። ቡናው ተፈልቶ ቶናው እንደተቀዳ የጤናውንና የዘመድ አዝማዱን ወሬ ገታ አድርጋ፣ "አንተ ልጅ፣ የተማርከው ኢኮኖሚክስ አይደል? እስቲ ይህን አስላልኝ" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕቁብ ወጥቶላታል። አንድ ደላላ ደግሞ "ንጹህ የኑብያን ዘር" ናቸው ያላቸውን አንድ አውራና ሁለት እናት ፍየሎች ሊያመጣላት ተነጋግረዋል። ወተቱን ትሸጣለች፤ አውራውን ለጎረቤት ፍየሎች ማስጠቂያ ታከራያለች፤ ግልገሎቹን በዘርነት ትሸጣለች። የእያንዳንዳቸው ዋጋ ግን በአርቦዬ ገበያ ከምትሸጠው የአገሬው ፍየል አምስት እጥፍ ነው። "ንጹህ ዘር ለመሆናቸው ማስረጃው ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። አክስቴ ስልኳን ከፍታ ፎቶግራፍ አሳየችኝ። "ጆሮዋን አታይም እንዴ! አገጯን አልፎ ወርዷል" አለች።

ይህ ጸሐፊ ደላላውን በአታላይነት አይከስም። ደላላውም ቢሆን የሰማውን ነው የሚሸጠው። ጥያቄው ሌላ ነው። የጤፍ ነጋዴ ጆንያውን ወግቶ ናሙና ሳያይ ዋጋ አይቆርጥም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ደረጃ የሚባለው ነገር ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ታዲያ በአምስት እጥፍ ዋጋ የምትሸጥ ፍየል ያለ ናሙና፣ ያለ ደረጃና ያለ መዝገብ እንዴት ትገዛለች?

ኑብያን ማን ናት?

በዓለም ገበያ "ኑብያን" የምትባለው የወተት ፍየል ስሟ ወደ አባይ ሸለቆ ቢያመለክትም ዘሯ የተበጀው በእንግሊዝ አገር ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ አርቢዎች የአገራቸውን ፍየሎች ከሕንድና ከግብፅ ከመጡ ባለ ረጅም ጆሮ አውራዎች ጋር አዳቀሉ። የሕንዱ ጃምናፓሪና የግብፁ ዛራይቢ ደም የገባበት ይህ ዲቃላ "አንግሎ ኑብያን" ተባለ። የእንግሊዝ የፍየል ማኅበር በዘር መዝገቡ ውስጥ ለዚህ ዘር የራሱን ክፍል የከፈተለት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። አሜሪካኖቹ ደግሞ "አንግሎ" የሚለውን ጥለው ኑብያን ብቻ ብለው ጠሩት።

ልብ ይበሉ። ትናንት ዲቃላ የነበረው ፍየል ዛሬ "ንጹህ ዘር" የተባለው ደሙ በተአምር ስለጠራ አይደለም። መዝገብ ተከፍቶለት፣ አባቱና እናቱ ተጽፈው፣ ትውልዱ አንድ በአንድ ስለተቆጠረ ነው። እንግዲህ ንጹህ ዘር ማለት የተጻፈ ዘር ማለት ነው። ያልተጻፈው ወሬ ነው።

የኑብያንን ጥቅም መካድ አይገባም። እንደ ስዊዘርላንዷ ሳነን ብዙ ወተት ባትሰጥም የወተቷ ቅባት ከ4 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል። ከአውሮፓ ዘሮች ይልቅ ሙቀት ትችላለች። የመራቢያ ወቅቷም ከእነርሱ የረዘመ ነው። ያደገች እናት 60 ኪሎና ከዚያም በላይ ትመዝናለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እውነቱ ግን አርቦዬ ላይ በስልክ ለታየችው ፍየል ይሠራል ወይ?

ጆሮ ምስክር አይሆንም

ፋርም አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ ግብረ ሰናይ ድርጅትና ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 የኢትዮጵያንና የኤርትራን የፍየል ዓይነቶች የሚዘረዝር ጥናት አሳትመዋል። ከዚያ ዝርዝር ብንነሳ ረጅም ጆሮ ያላት ፍየል ቢያንስ ከአራት ቦታ ልትመጣ ትችላለች።

አንደኛ፣ ከኦጋዴን፣ ከቦረናና ከባሌ ቆላ የምትመጣው ባለ ረጅም ጆሮ የሶማሌ ፍየል አለች። ይህች ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ፍየል ናት። ሁለተኛ፣ በሱዳን ጠረፍ የምትገኘው የራሳችን ኑብያን አለች። ይህች ከእንግሊዟ ጋር በስም ብትመሳሰልም በመዝገብ አትገናኝም። ሦስተኛ፣ እ.ኤ.አ. ከ2005 በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ ከደቡብ አፍሪካ የገባው የቦር ፍየል ዲቃላ አለ። ቦር ጆሮው የወደቀ፣ አፍንጫው የጎበጠ ነው፤ የተመረጠው ግን ለሥጋ እንጂ ለወተት አይደለም። አራተኛ፣ የእውነተኛው አንግሎ ኑብያን ዲቃላ አለ። እርሱም ግማሽ፣ ሩብ ወይም ከሩብ በታች ደም ሊኖረው ይችላል።

አራቱም ጆሯቸው ረጅም ነው። ወተታቸው፣ ሥጋቸውና ዋጋቸው ግን ለየቅል ነው። የአክስቴ ደላላ ያሳያት ፎቶግራፍ ከአራቱ የትኛዋ እንደሆነች አይናገርም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመውና በ2001 ለኖቤል ሽልማት ባበቃው ጽሑፍ የተነተነው ይህንኑ ነበር። ገዥ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው መካከለኛ ዋጋ ነው። ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። በገበያው የሚቀረው ብልሹው ብቻ ነው። አከርሎፍ ምሳሌ ያደረገው ያገለገለ መኪናን ነው። ፍየል ብትሆንም ሕጉ አይለወጥም።

ውድድሩ የቁንጅና ነውን?

የውጭ አገር አርቢዎች ፍየላቸውን አጥበውና ጠጉሯን አስተካክለው ወደ ውድድር ሜዳ ሲያወጡ ፊልም ያየ ሰው፣ "ሥራ የፈታ ፈረንጅ!" ብሎ ሊስቅ ይችላል። ይህ ጸሐፊም ስቋል። የነጥብ አሰጣጡን ከተመለከተ በኋላ ግን ሳቁን አቆመ።

የአሜሪካ የወተት ፍየል ማኅበር ለወለደች ፍየል ከ100 ነጥብ የሚሰጠው እንዲህ ተከፋፍሎ ነው። ለጠቅላላ አቋም፣ ማለትም ለእግር፣ ለጀርባና ለቁመና 35 ነጥብ፤ ለወተት ፍየልነት ጥንካሬ 20፤ ለሰውነት ስፋትና ለመኖ መያዣ 10፤ ለግትና ለጡት ደግሞ 35 ነጥብ ይሰጣል። ዳኛው ፍየሎቹን በቅደም ተከተል ካሰለፈ በኋላ ይህችን ከዚያች ለምን እንዳስበለጠ በሕዝብ ፊት ያስረዳል። ከሜዳው ውጪ ደግሞ ወተቱ እየተመዘነ እስከ 305 ቀን ድረስ በመዝገብ ይሰፍራል።

ይህ እንግዲህ የቁንጅና ውድድር ሳይሆን የምርት ገበያ የደረጃ ክፍል ነው። ሜዳሊያው ጌጥ አይደለም፤ የዋጋ ማስታወቂያ ነው። ያሸነፈች ፍየል ግልገል ውድ የሚሆነው ገዥው ሳያያት እንኳ የእናቷን ግትና የአያቷን ወተት ከመዝገብ ስለሚያነብ ነው። እኛ ዘንድ የተፈለገው ዋጋውን ብቻ መውሰድ ነው። ሚዛኑን፣ ዳኛውንና መዝገቡን እዚያው ትተን ማለት ነው። ፍየል ወዲያ፣ ቅዝምዝም ወዲህ ይሉሃል ይህ ነው።

ሐረርጌ ላይ የተገኘ ትምህርት

አንግሎ ኑብያን ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለችም። ፋርም አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የወተት ፍየል ልማት ፕሮግራም አካሂዷል። አንግሎ ኑብያን ከሶማሌ ፍየል ጋር ተዳቀለች። በሐረርጌ ለችግረኛ ሴቶች ፍየል በብድር ይሰጥ ነበር። ብድሩም የሚመለሰው በገንዘብ ሳይሆን በግልገል ነበር። ተመላሿ ግልገል ለቀጣዩዋ ሴት ትተላለፋለች። አሠራሩ በጎ ነበር፤ ብዙ ቤት ወተት አስገብቷል።

ይሁን እንጂ ሂሳቡ ሲሠራ ያልተጠበቀ ውጤት ተገኘ። ዶክተር ወርቅነህ አያሌውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት በምሥራቅ ሐረርጌ አርሶ አደሮች ዘንድ ያሉትን ዲቃላዎችና የአገሬውን ፍየሎች አነጻጸሩ። ወተትና ሥጋን ብቻ ሳይሆን ፍግን፣ እንዲሁም ፍየል በችግር ቀን እንደ ባንክና እንደ መድን የምትሰጠውን አገልግሎት ጭምር አስልተዋል። ውጤቱ፦ ዲቃላዎቹ ለአነስተኛ ገበሬ ከአገሬው ፍየል የበለጠ የተጣራ ጥቅም አላስገኙም። ከዚህ የሚበልጠው ግኝት ደግሞ የአገሬው ፍየል የተሻለ አያያዝ ሲደረግላት ጥቅሟ በግልጽ መጨመሩ ነው። ለውጡን ያመጣው በአመዛኙ መኖው፣ ጤናውና እንክብካቤው ነበር ማለት ነው።

ጎረቤታችን ኬንያ በተመሳሳይ መንገድ ጀምራ አንድ እርምጃ ጨመረችበት። በሜሩ ያው ፋርም አፍሪካ ቶገንበርግ የተባሉ የወተት ፍየሎችን ሲያስገባ አርቢዎቹ የራሳቸውን የዘር ማኅበር አቋቋሙ። ፍየሎቻቸውንም በኬንያ የዘር መዝገብ ማስመዝገብ ጀመሩ። ገዥው ወረቀት ይዞ ስለሚሄድ ከሩቅ መጥቶ ይገዛል።

"ላሟስ?" ለሚል

እዚህ ላይ የአሰላ ሰው ሊቆጣ ይችላል። "የፈረንጅ ዘር አርሲን አልለወጠም ልትል ነው? ካዱን ረሳኸው?" ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በአሰላ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ ሕዝቡ ካዱ የሚለው፣ የአርሲን ላም ከፍሪዥያን ጋር አዳቅሎ ለገበሬው አከፋፍሏል። ዛሬም በአሰላ ዙሪያ የሚታየው የወተት ላም እርባታ ከዚያ ሥር የበቀለ ነው።

ነገር ግን ካዱ ያመጣው የበሬ ዘር ብቻ ነበርን? ሰው ሠራሽ የማዳቀል አገልግሎት፣ የመኖ ሙከራ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያና ወተት የሚረከብ ጣቢያ አብረው መጥተዋል። ላሟ የተሳካላት ገዥ፣ ሐኪምና ጸሐፊ ስለነበራት ነው። አክስቴ የምትገዛት ፍየል ከሦስቱ አንዱም የላትም። አርቦዬ በቆየሁበት ጊዜ የፍየል ወተት በሊትር የሚረከብ ሰው ጠይቄ አላገኘሁም። የፍየል ወተት እዚያ ለልጅና ለሕመምተኛ ይሰጣል እንጂ በጣሳ ተሰፍሮ ገበያ አይወጣም።

ወደ አክስቴ ሂሳብ እንመለስ

ሦስቱ ፍየሎች በአምስት እጥፍ ዋጋ ከተገዙ ካፒታሉ የ15 የአገሬው ፍየሎች ዋጋ ነው። ከሦስቱ አንዷ በሳምባ በሽታ ወይም ደስታ መሰል በሆነው የበግና የፍየል በሽታ ብትሞት የዕቁቡ ሢሶ ሄደ ማለት ነው። ከ15 አንዷ ብትሞት የሚሄደው አሥራ አምስተኛው ነው። ስድሳ ኪሎ የምትመዝን ፍየል ደግሞ ነፍሷን ለማቆየት ብቻ 30 ኪሎ ከምትመዝነው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ መኖ ትፈልጋለች። ወተቱ የሚመጣው ከዚህ በላይ ከበላች ነው። በበጋ የጀጁ ቆላ ሲደርቅ ያንን መኖ የሚያቀርበው ሱቁ ነው።

የአውራው ኪራይስ? አውራው ንጹህ ቢሆን እንኳ ከአገሬዋ ፍየል የሚወልደው ግማሽ ደም ነው። ያ ግማሽ አድጎ የአገሬዋን ፍየል ሲያጠቃ የሚወለደው ሩብ ነው። ሩቡ ጆሮው ረዘም ይላል፤ ወተቱ ግን ወደ አያቱ ይመለሳል። በአንድ አውራ ብቻ የሚሠራ መንደር ደግሞ ውሎ አድሮ አባትን ከልጁ ያገናኛል። ጉዳቱም በደካማ ግልገል ይታያል።

ታዲያ ከወተቱ ገዥ ከጠፋ፣ ከኪራዩ ደም ከቀጠነ፣ የሚቀረው ትርፍ ምንድን ነው? ግልገሎቹን "በዘርነት" ለሌላ ሰው መሸጥ ነው። ያ ሰው ደግሞ ለሌላ ይሸጣል። ይህ ገበያ የሚቆመው ቀጣዩ ገዥ ጆሮ አይቶ እስከከፈለ ድረስ ብቻ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢሙ የተባለው የአውስትራሊያ ትልቅ ወፍ ለእርባታ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር። አርቢ ለአርቢ ሸጠ፤ ሥጋውን የሚገዛ በላተኛ ግን በሚፈለገው መጠን አልተገኘም። አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ዋጋው ወድቆ ወፎቹን ሜዳ ላይ የለቀቁ ነበሩ። የመጨረሻው ገዥ መሆን እንዴት እንደሚመር በአክሲዮንም በመሬትም የተነከሰ አንባቢ ያውቀዋል። ያለ ወረቀት የቀረ ወንድ ግልገል ደግሞ መጨረሻው ወጠጤ ሆኖ በሥጋ ዋጋ መሸጥ ነው።

ምን ይደረግ?

ይህ ጸሐፊ የፈረንጅ ፍየል አይግባ አይልም። ከአዳማ ወይም ከአሰላ አጠገብ መኖ የሚያበቅል መሬት፣ በውል የታሰረ የወተት ገዥና የሚከፈለው የእንስሳት ሐኪም ያለው ባለሀብት ኑብያንን ሞክሮ ሊያተርፍ ይችላል። ግን ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። መጀመሪያ ሚዛን፣ ቀጥሎ መዝገብ፣ ከዚያ ፍየል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በቦንጋ፣ በመንዝ፣ በሆሮና በአፋር በጎች ላይ ምርምር ተቋማት ከአርቢዎች ጋር የጀመሩት የዘር ማሻሻያ የውጭ ደም አላስገባም። የአርቢው የራሱ በግ በልደቱና በክብደቱ ተመዘገበ። የተሻለው አውራ ለዘር ቀረ፤ ሌላው ወደ ገበያ ወጣ። የቦንጋ ማኅበራት ዛሬ ለዘር የተመረጠ አውራ ለሌላ አካባቢ ጭምር ይሸጣሉ። ገዥው የሚከፍለው ለጆሮ ሳይሆን ለመዝገብ ነው።

የአርሲ ባሌ ፍየልም ይህ ዕድል ሊነፈጋት አይገባም። ደጋውንም ቆላውንም ለምዳዋለች፤ ትታለባለች፤ በየገበያው ገዥ አላት። የጎደላት ጸሐፊ ነው። የፍየል ነጋዴዎችና ደላሎች ተባብረው በአንድ የገበያ ቀን፣ በአንድ ሚዛንና በአንድ ዳኛ ጥቂት እናቶችን ቢያወዳድሩ፣ የአሸናፊዋን ወተት ለቀናት ለክተው ቢጽፉ፣ ያ ቀን የዘር ገበያ የተጀመረበት ቀን ይሆናል። ደላላውም ከዚያ በኋላ የሚሸጠው ወሬ ሳይሆን ወረቀት ነው። ኮሚሽኑም አይቀንስበትም።

ለአክስቴ የሰጠኋት ምክር ይህ ነው። "ደላላውን ሦስት ነገር ጠይቂው። የእናቷንና የአባቷን መዝገብ፣ የእናቷን ወተት በልኬት፣ የክትባቷን ማስረጃ። ሦስቱን ካመጣ ዋጋውን እንነጋገርበታለን። ካላመጣ አምስት የአገሬው እናቶች ከነግልገላቸው ዓይተሽ ምረጪ፤ ከሌላ መንደር አንድ ጥሩ አውራ ጨምሪ። ይህ የዕቁቡን ከግማሽ በታች ይወስዳል። በቀረው ጋጣ ሥሪ፣ ክትባት አስከትቢ፣ ለበጋ መኖ ግዢ፣ አንድ ደብተርም ያዢ።"

ደብተሩ አሳቃት። "ለፍየል ደግሞ የምን ደብተር ነው!" አለች። እኔም መልሼ ጠየቅኋት። "ባለፈው ዓመት ለልጅሽ ሙሽራ ሲፈለግ ሽማግሌዎቹ ስንት ቤት ቆጠሩ?"

"ሰባት" አለች ያለማመንታት።

"ለአምስት እጥፍ ዋጋ ፍየልስ?"

ዝም አለች። ስልኳን አንስታ ፎቶግራፉን ደግማ አየችው። ዘር ከልጓም ይስባል ይባላል፤ እውነት ነው፤ ግን የማን ዘር እንደሆነ ሲታወቅ ነው። ይህ ጽሑፍ ለኅትመት እስከገባበት ቀን ድረስ የዕቁቡ ገንዘብ ባንክ ነው። ደላላውም መዝገቡን አላመጣም።